የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪያን ምን ሥራ ቀረው?

አንድ የሕግ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልጉትን ምንጮች ዘርዝሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። ዝርዝሩ አሥር ጽሑፎች አሉት። የጸሐፊው ስም፣ የመጽሔቱ ስም፣ ቅጹ፣ ቁጥሩ፣ ገጹ ሳይቀር ተሟልቶ ተጽፏል። ባለሙያዋ ስድስቱን በግማሽ ቀን አገኘችለት። አራቱን ግን ሁለት ቀን ፈልጋ አጣቻቸው። መጽሔቱ አለ፣ ቅጹም አለ፤ በተባለው ገጽ ላይ የሚገኘው ግን ሌላ ሰው ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፈው ነው። በመጨረሻ ተማሪውን ጠርታ “ይህን ዝርዝር ከየት አመጣኸው?” አለችው። “ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ” አላት፣ ያለ አንዳች ሐፍረት።

ይህን ያጫወተችኝ የረዥም ጊዜ ወዳጄ ናት። ስሟንም የምትሠራበትንም ተቋም እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ አልጠቅስም። እኔን የገረመኝ የተማሪው ነገር አይደለም፤ ልጁ አልዋሸም። መሣሪያውም ቢሆን ዋሸ ለማለት ያስቸግራል፤ እውነትን ከሐሰት ለይቶ የሚያውቅ ነገር አይደለምና። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይደረድራል፤ የጽሑፍ ማጣቀሻ ምን እንደሚመስልም ከሚሊዮን ምሳሌዎች ስለተማረ የሌለውን ጽሑፍ ካለው ጋር አመሳስሎ ያቀርባል።

እኛ የሕግ ሰዎችም ከዚህ አላመለጥንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ካሣ ክስ፣ የከሳሽ ጠበቆች ፈጽሞ ያልተሰጡ ስድስት ፍርዶችን ጠቅሰው ተገኙ። ፍርዶቹን የፈጠረላቸው ይኸው መሣሪያ ነበር። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጋለጠው የአየር መንገዱ ጠበቆች የተጠቀሱትን ፍርዶች ፈልገው ስላጡ ነው። አንድን ነገር በሥርዓት ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም በሥርዓት ፈልጎ “የለም” ማለት መቻል፣ ከጥንት ጀምሮ የላይብረሪያን ሙያ ነው።

ይህን ጉዳይ ለማንሳት የተነሳሁት በየስብሰባው አንድ አባባል ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። “አሁን ሁሉ ነገር ስልክ ላይ አለ፤ ላይብረሪና ላይብረሪያን ምን ያደርጋል?” ይባላል። ይህን የሚሉት ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ባልተጨነቅሁ። በጀት የሚመድቡ ሰዎች ሲሉት ግን መዘዝ አለው። ኮምፒዩተር ይገዛል፣ ሕንፃ ይሠራል፤ የባለሙያው ደረጃ ግን “መጽሐፍ አውጪና መላሽ” ተብሎ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው ዛሬ የሚሠራውን ሥራ ምንነት በጥቂቱ ማስረዳት ተገቢ መሰለኝ።

ከመሳቢያው እስከ ኮሃ

እኔ የሕግ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን መጽሐፍ የሚፈለገው ከእንጨት መሳቢያ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ ነበረው፤ አንዱ በጸሐፊው ስም፣ አንዱ በርዕሱ፣ አንዱ በጉዳዩ። ካርዶቹ መሐላቸውን በሚያልፍ ቀጭን ብረት ተሰክተው ስለሚቀመጡ ማንም ነቅሎ ሊወስዳቸው አይችልም ነበር። (ተማሪ መቼም ዘዴ አያጣም፤ የሚፈልገውን ካርድ ቀድዶ የሚሄድ አልፎ አልፎ አይጠፋም ነበር።)

የዚያ ሥርዓት መሠረት በአገራችን የተጣለው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያደራጁ የተመደቡት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን በማደራጀት ይበልጥ ታውቀዋል። ቀጥሎ ሪታ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። እኒህ ሴት በ1956 አዲስ አበባ እንደገቡ ሥራ የጀመሩት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነበር። በአገር ውስጥ ባለሙያ በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ትምህርት ቤቱ ስሙን ከ“ቤተ መጻሕፍት” ወደ “መረጃ” ማዞሩ ያኔ ብዙዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው አስቀድሞ የታሰበበት ነበር ማለት እንችላለን።

ካርዱ ወዲያው አልጠፋም። ዩኔስኮ በነፃ ያከፋፍለው የነበረው ሲዲኤስ/አይሲስ የሚባል ፕሮግራም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በታዳጊ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ገባ። ቀጥሎ ኮሃ መጣ። ኮሃ እ.ኤ.አ. በ2000 ኒው ዚላንድ ውስጥ በአንድ የገጠር ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። መመዝገቡን፣ ማዋሱን፣ መፈለጉን ሁሉ በአንድነት ይይዛል። በሌላው ዓለምም ቢሆን ካርዱ የኖረው ከምንገምተው በላይ ነው፤ ለአሜሪካና ለሌሎች አገሮች ቤተ መጻሕፍት ካርድ ሲያትም የኖረው ኦሲኤልሲ የመጨረሻውን ካርድ ያተመው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015 ነበር። እስከዚያ ድረስ ያተማቸው 1.9 ቢሊዮን ደርሰው ነበር።

ነፃ ፕሮግራም ማለት ግን ወጪ የሌለበት ፕሮግራም ማለት አይደለም። የፈቃድ ክፍያው ይቀራል እንጂ ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ፣ አዲሱ ዕትም ሲወጣ የሚያድስ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሠለጠነ ሰው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ የተሻለ የሚከፍለው ባንክ ወይም ድርጅት አያጣም። አንድ ጎበዝ ልጅ ኮሃን ተክሎ፣ ለሁለት ዓመት አስተካክሎ ሲሠራበት ቆይቶ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን እንኳ የሚያውቅ ሰው የጠፋባቸው ቦታዎች እንዳሉ ከባለሙያዎቹ ሰምቻለሁ።

“ሕግ” እና “ህግ” አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም አማርኛን እንዴት ያውቃል? አጭሩ መልስ አያውቅም ነው።

መጀመሪያ የፊደሉ ችግር ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ምሥጢር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር የተመዘገቡ የአማርኛ መጻሕፍት ርዕሶች ወይ በላቲን ፊደል ተጽፈዋል፣ ወይ ደግሞ ዛሬ እንደገና መተየብ አለባቸው። በላቲን የተጻፉትም ቢሆኑ አንድ ወጥ አይደሉም። ጸጋዬ የሚለው ስም በስንት ዓይነት አጻጻፍ እንደሚመጣ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ዩኒኮድ ይህን ፈታ፤ ሌላ ችግር ግን ይዞ መጣ። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ቁጥር ናቸው። “ፍትሐ ብሔር” የሚለውን ቃል ውሰዱ። ፍትሐን በሐ፣ በሀ ወይም በሃ የሚጽፉ አሉ፤ ብሔርን በሔ ወይም በሄ፤ ሁለቱን ቃላት ለያይተው ወይም ገጥመው። ሦስት በሁለት በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት መልክ ይሆናል። መዝጋቢው በአንዱ መልክ ጽፎት አንባቢው በሌላው ከፈለገው ኮምፒዩተሩ የሚመልሰው “ምንም አልተገኘም” ነው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ለፈላጊው ግን የለም። በሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ “ሕግ” ብሎ የፈለገና “ህግ” ብሎ የፈለገ ሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ቤተ መጻሕፍት ያያሉ ማለት ነው።

መፍትሔው አለ። መጽሐፉ ሲታይ ርዕሱ እንደታተመው ይታያል፤ ከጀርባ ያለው የፍለጋ ማውጫ ግን ሞክሼዎቹን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ መልሶ ያነባል። የኮምፒዩተር ባለሙያው ይህን በአንድ ቀን ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር፣ “ኸ” መቼ እንደሚገባ፣ በትግርኛ መጽሐፍ ላይ ሐ እና ሀ ለምን መቀላቀል እንደሌለባቸው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ላይብረሪያኑ ነው። ይህን ሥራ ማንም የውጭ ኩባንያ አይሠራልንም፤ ገበያ የለውማ!

የስማችን ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በእኛ ባህል ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። የታሪክ ሊቁን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን “ዘውዴ” በሚለው ሥር መመዝገብ አባታቸውን ደራሲ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ተረድቶ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ በራሳቸው ስም ይመዘግባል። የውጭ መጽሔቶችና የመረጃ ቋቶች ግን ይገለብጡታል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ ቦታ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም፣ በሦስተኛው በአያቱ ስም ይገኛል፤ ሥራው ለሦስት ሰው ይከፋፈላል። መምህር ደረጃ ዕድገት ሲጠይቅ “ሥራዎችህ አልተገኙም” የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ኦርኪድ የሚባል፣ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አሥራ ስድስት አሐዝ ያለው መለያ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት አለ። ስሙ ቢገለበጥም ቁጥሩ አይገለበጥም። መምህራንን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ማስመዝገቡ አሁን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሥራ እየሆነ መጥቷል።

ዓመቱንም አትርሱ። የወንጀል ሕጋችን አዋጅ ቁጥር 414/1996 ሆኖ ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2004 እና 2005 መሆኑ ነው። ይህን ሕግ የሚተነትን፣ በ1998 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ “1998” ተብሎ ያለ “ዓ.ም.” ቢመዘገብ በኮምፒዩተሩ ዓይን ሕጉ ከመውጣቱ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ይሆናል። ዳኛ ፊት የሚቀርብ ክርክር በዚህ ሲበላሽ ማሰብ አይከብድም።

ነፃ የሚባለው በር

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ መጽሔቱ ከመደርደሪያ ወደ ስክሪን መሄዱ ነው። ዋጋው ግን አብሮ አልቀለለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ሀብታም ተቋም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤልሴቪየር ጋር በዋጋና በነፃ ተደራሽነት ባለመስማማቱ ውሉን ሳያድስ ቀርቶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ በ2021 አዲስ ውል ተዋውሏል። እነሱ ያልቻሉትን እኛ በውጭ ምንዛሪ እንከፍላለን ማለት ዘበት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ለእኛ ዓይነት አገሮች የተከፈተ በር መኖሩን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን የሕክምና መጻሕፍትና መጽሔቶች መግቢያ ጀመረ። ለግብርና አጎራ በ2003፣ ለአካባቢ ጥበቃ ኦአሬ በ2006፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ በ2009 ተከተሉ። ሕግን የሚመለከተው ጎአሊ የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ በ2018 ነው፤ የሚመራውም የዓለም የሥራ ድርጅት ነው። አምስቱ ተጠቃልለው ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላሉ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት።

ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም? ፈቃዱ የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተቋም ስለሆነ ነው። ተቋሙ መመዝገብ አለበት፤ የይለፍ ቃሉን የሚይዝ ኃላፊ ሊኖር ይገባል፤ ያ ኃላፊ በአብዛኛው ላይብረሪያኑ ነው። ላይብረሪያኑ ካልነገረ መምህሩ አያውቅም። የይለፍ ቃሉ በቴሌግራም ቡድን ከተለጠፈ ደግሞ አሳታሚው አይቶ ተቋሙን በሙሉ ሊያግድ ይችላል። በሩ ነፃ ነው፤ በረኛው ግን ነቅቶ መቆም አለበት።

በዚያው ልክ የሐሰት በሮች በዙ። ገንዘብ ተቀብለው ማንኛውንም ጽሑፍ ያለ ምንም ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች መኖራቸውን ለዓለም በስፋት ያሳወቀው ላይብረሪያን ነው፤ የኮሎራዶ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ቢል። ቢል እስከ 2017 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ ሲያወጣው የነበረው ዝርዝር ብዙ ክርክር አስነስቶበት በመጨረሻ አንስቶታል። እኔ በዝርዝሩ ሁሉ አልስማማም፤ በድህነት የሚውተረተር ሐቀኛ መጽሔትና አጭበርባሪ መጽሔት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉና። ሆኖም ለደረጃ ዕድገት ሲሉ ከኪሳቸው ዶላር ከፍለው የተታለሉ መምህራን አውቃለሁ። ከመክፈላቸው በፊት አንድ ሰው አማክረው ቢሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ሕጉ የት ድረስ ይፈቅዳል?

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ላንሳ። ላይብረሪያኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ “ይህን መጽሐፍ ስካን አድርጌ ለተማሪዎች ብልክ እከሰሳለሁ?” የሚል ነው።

በሥራ ላይ ያለው መነሻ ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመታት ሥራው ይጠበቃል። ለቤተ መጻሕፍት ግን አንቀጽ 12 ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። በጥቅሉ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየምና የመሳሰሉት ትርፍ ሳይፈልጉ በሁለት ምክንያት ማባዛት ይችላሉ። አንደኛው፣ ግለሰብ ለጥናት ወይም ለግል ምርምር ሲጠይቅ አንድ ጽሑፍ ወይም የሥራውን አጭር ክፍል መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ የተጎዳ፣ የጠፋ ወይም ከጥቅም ውጭ የሆነ ቅጂን ለመተካት ወይም ለመጠበቅ ሲሆን፣ ይህም ሌላ ቅጂ በተገቢ ሁኔታ ማግኘት ካልተቻለ ነው። በሁለቱም ድርጊቱ የተናጠል እንጂ የዘወትር እንዲሆን አልተፈቀደም።

አንቀጹ የተጻፈው ፎቶ ኮፒን እያሰበ መሆኑ በግልጽ ይታያል። አንድ ተማሪ መጥቶ ሃያ ገጽ ቢያስገለብጥ ያለ ችግር ይሸፈናል። ባለሙያው ምዕራፉን ስካን አድርጎ ለዚያው ተማሪ በኢሜይል ቢልክስ? በእኔ አስተያየት ዓላማውና ሁኔታው አንድ እስከሆነ ድረስ መሣሪያው መለወጡ ብቻ ጥፋት አያደርገውም። ሙሉውን መጽሐፍ ለመቶ ሃያ ተማሪ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ግን የተናጠል ድርጊት ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ፊቱን ማጠብ አለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው ባለሙያውን የሚያስጨንቀው። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ግቢዎችን ሲዘጋ ብዙዎቹ በዚህ ሜዳ ላይ ያለ መሪ ቆመው ነበር። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ትኩረቱ በዋናነት የሮያሊቲ አሰባሰብ ላይ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ ያኔም አልተመለሰም። ላይብረሪያን በራሱ ድፍረት የሕግ ክፍተት እንዲሞላ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፎችስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፎችን ዲስፔስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም በኢንተርኔት እያወጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያስገድድ ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ። ጥሩ ፖሊሲ ነው። ነገር ግን ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ስላልሆነ የጽሑፉ ባለመብት ራሱ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ሲገባ የሚፈርመው የፈቃድ ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹ ያልነበራቸው የቆዩ ጽሑፎች ሲወጡ ግን ባለመብቱን ፈልጎ ማስፈረም አለ፤ ይህም የሚወድቀው በዚያው ባለሙያ ላይ ነው።

አንድ ነገር በጎ ሆኗል። ዓይነ ሥውራን ሊያነቡት በሚችሉት መልክ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የባለመብትን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ የሚያደርገውን የማራካሽ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2013) ኢትዮጵያ በ2020 ተቀብላለች። በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች ብርቅ አይደሉም። የድሮው መፍትሔ ጓደኛ ሲያነብላቸው በካሴት መቅዳት ነበር። ዛሬ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ሆኖም መጽሐፉ እንደ ፎቶግራፍ ብቻ ስካን ከተደረገ ፕሮግራሙ ነጭ ወረቀት ነው የሚያየው። ፎቶውን ወደ ፊደል መለወጥ፣ በተለይ የአማርኛውን፣ ገጽ በገጽ የሚታረም አድካሚ ሥራ ነው።

የተቀመጠው ነገር ይቆያል?

ወደ ኮምፒዩተር የገባ ነገር ሁሉ ተረፈ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ስለዚህ ሁለት ታሪክ ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። ቅጂው አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ፊልሙን ማንሳት ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አልነበረም። እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ የተጻፈው የርስት ማስታወሻ ምን እንደሚል አንብቦ መዝግቦ ማውጣት ነበር። ይህን አሥርት ዓመታት የፈጀ ሥራ ከሁሉም በላይ የሠሩት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ ፊልሞቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው ማንም ከየትም ሆኖ ሲያያቸው መንገዱን የሚያሳየው የሳቸው ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከመቅደላ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ እዚያ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ዲጂታል ሆነው በኢንተርኔት ይታዩ ነበር። ዕቃው ባይመለስም ምስሉን ማየታችን እንደ መጽናኛ ሲቆጠር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ወንጀለኞች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒዩተሮች ሰብረው ቆለፏቸው፤ ገንዘብም ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም። ካታሎጉ እንኳ በከፊል የተመለሰው በጥር 2024 አጋማሽ ነበር፤ የብራናዎቹ ምስሎችም አብረው ከዓይን ጠፉ። ያንን የሚያህል ተቋም ይህ ከደረሰበት፣ አንድ ሰርቨር አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ምን ዋስትና አለው?

ለእኛ ደግሞ የመብራቱና የኢንተርኔቱ ነገር አለ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ሁሉ ነገሩን ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ያደረገ ቤተ መጻሕፍት በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱን ካታሎግ እንኳ ማየት አይችልም። አስተዋይ ባለሙያዎች ዋና ዋናውን ነገር ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ያኖራሉ፤ ሌላ ቅጂ በሌላ ከተማ ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹም የካርዱን መሳቢያ አልጣሉትም። እኔም አልፈርድባቸውም።

ወዳጄ በያዝነው ዓመት አዲስ ገቢ የሕግ ተማሪዎችን ስታስተምር የምትጀምረው ከኮምፒዩተሩ አይደለም። ስልካቸው ላይ ያለውን አንድ አዋጅ በፒዲኤፍ እንዲከፍቱ ታዛለች። “ይህ ረቂቁ ነው ወይስ የወጣው?” ትላቸዋለች። ነጋሪት ጋዜጣውን አምጥታ ታስተያያቸዋለች፤ ማረሚያ ወጥቶበት እንደሆነም ያያሉ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ አማርኛው እንደሚጸና በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መደንገጉን ታሳያቸዋለች። ቀጥላ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ ታወጣለች። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 የተጀመረውና በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 የቀጠለው ሥርዓት የሰበር ችሎት የሰጠውን የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ያደርገዋል፤ ችሎቱ ግን የቀድሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። በተለወጡት ላይ በእርሳስ “ይህ ተለውጧል፤ ቅጽ እገሌን ይመልከቱ” ብላ ጽፋባቸዋለች። ይህን ማስታወሻ የትኛውም ስልክ ላይ አያገኙትም።

ያ በመጀመሪያ ያነሳሁት ተማሪም ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከአራቱ የሌሉ ጽሑፎች የአንደኛው ጸሐፊ በእርግጥ ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የጻፈው ግን በሌላ መጽሔት፣ በሌላ ርዕስ፣ ከተማሪው ክርክር ጋር የሚቃረን ጽሑፍ ነበር። ባለሙያዋ በጎአሊ በኩል አውጥታ ሰጠችው። ልጁ አንብቦ ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ መጻፍ ጀምሯል።